ከጎንደር አዲስ አበባ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ

ባለፈው ሳምንት ደባርቅ መናኸሪያ በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር ያቆመች አንዲት ወጣት ስልኳን እያየች ብቻዋን ስትስቅ አየሁ። በሰው ነገር የማልገባ ሽማግሌ ነኝ ብዬ አልዋሽም፤ «ምን ተገኘ ልጄ?» አልኋት። «ስልኩን ጠይቄው ነው አባባ። ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ነው ይለኛል። እኔ እዚህ ሚኒባሱ እስኪሞላ ብቻ አንድ ሰዓት ቆምሁ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ኪሎ ሜትሩንም ያውቀዋል፤ በአየር አራት መቶ ሃያ ገደማ፣ በመኪና ሰባት መቶ ሠላሳ ገደማ። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ቁጥሩ ልክ ነው ብዬ መሰከርሁላት። እሷ በሚኒባሷ ሄደች። እኔ ግን ባጃጁ መጥቶ ጥሎኝ ሲያልፍ እንኳ ልብ አላልሁም። ያ አንድ ሰዓት ከሩብ በእኛ ቤት የሠራውን ሥራ ሳስብ ቆሜ ቀረሁ።

ያን ጊዜ ከደባርቅ ጎንደር ያለው መንገድ ጠጠር ነበር። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ዛሬ አስፋልት ስለሆነ ሰው የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ጎንደር ይገባል። ያኔ አውቶብሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል ይባልና፣ የገብሱ ኬሻና እግራቸው የታሰረ በጎች ጣራው ላይ ወጥተው እስኪደረደሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። በበጋ ስንወርድ ሽፋሽፍታችን ሳይቀር አቧራ ስለሚለብስ እርስ በርስ መተዋወቅ ያቅተናል፤ በክረምት ደግሞ ወንድ የሆነ ሁሉ ወርዶ ይገፋል። መናኸሪያው ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻዩ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው፤ ቅርንፉድ የበዛበት፣ ከሥሩ ያልሟሟ ስኳር የሚተርፍ። ያንን ስኳር በማንኪያ ጭልፍ አድርጎ መብላት እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል፤ አሁን የምጠጣው ሻይ ስኳር የለውም፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል። ከሻይ ቤቱ አጠገብ በረንዳ ላይ ሦስት ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በእግራቸው ያስሮጣሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ባለሱቅ ቀኑን ሙሉ ካሴት ያዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ድምፁን እየጎተተ እንደ ሰካራም ይሆናል፣ ባለሱቁም ባትሪዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። ከሰዓት በኋላ ዘፋኙ ይነቃል። እኔ ከቦንዳ የገዛሁት ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፤ ገበሩ ላይ የማላውቀው ፈረንጅ ስም ተጠልፎበታል። ተማሪዎቼ በሌለሁበት በዚያ ስም እንደሚጠሩኝ አውቅ ነበር፤ አንድም ቀን ተቆጥቼ አላውቅም፣ እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር።

ርቀት በኪሎ ሜትር አይነገርም ነበር። «አዲስ አበባ ስንት ማደሪያ ነው?» ነው የሚባለው። የመጀመሪያውን ቀን ጎንደር ታድራለህ፣ ሁለተኛውን ደብረ ማርቆስ፣ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወገብህን ይዘህ አዲስ አበባ ትወርዳለህ። እኔ ዳባት ሳስተምር ይህንን በክር ነበር የማሳያቸው። ግድግዳው ላይ ያለችው ካርታ ጠርዟ ተበልቶ ነበር፤ አንዱን ክር ጎንደርና አዲስ አበባ ላይ ቀጥ አድርጌ እወጥራለሁ፣ ሌላውን ደግሞ በመንገዱ ጥምዝምዝ ላይ አስኬደዋለሁ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አንጠለጥላቸዋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ አጭሩ ክር ዓባይ በረሃ ሳይወርድ እንዴት ነው የተሻገረው?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተደበላለቀ። «አውሮፕላን እንዲህ ነው የሚሄደው» አልሁት። «ጋሼ ሄደውበት ያውቃሉ?» ሲለኝ ግን ጠመኔዬን ፈለግሁ። አልሄድሁበትማ! ያ አጭር ክር የሚሄድበትን ሰማይ አንድ ቀን አየው ይሆን እያልሁ ነበር የምኖረው።

እኛ ሦስት ነን። ታላቃችን ጥሩወርቅ ናት፤ እኔም፣ ታናሻችን አስረስም ከልጅነታችን ጀምሮ እታለም እንላታለን። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገችን እሷ ናት ቢባል እናታችን እንኳ አትከራከርም ነበር። እታለም ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው መሬታችን ላይ ቀረች፣ እኔ አስተማሪ ሆንሁ፣ አስረስ ተምሮ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ገባ። እናታችን የመጨረሻዎቹን ዓመታት አልጋ ላይ ስታሳልፍ ያገላበጠቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያጠበቻት እታለም ናት። እኔ ቅዳሜና እሑድ ከዳባት እየመጣሁ «እንዴት አደርሽ እማማ» የምል እንግዳ ነበርሁ።

እናታችን አንድ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈች። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ተባለ፣ ለአስረስ መንገሩ የእኔ ፈንታ ሆነ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው ብቻውን ሰምቶ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ ሰውየውን መሀል አድርጎ ነው። እስከዚያ «ትንሽ አሟታል» ይባላል። ይህንን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ቴሌ ሄጄ ከእንጨት በተሠራችው ሣጥን ውስጥ ቆሜ፣ መስመሩ እየተንጫጫ፣ የማውቀውን አደረግሁ።

«አስሬ፣ እማማን ትንሽ አሟታል።»

«በጣም ነው?»

«አይ፣ ትንሽ ነው።»

«አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ለዛሬው አውሮፕላን ቦታ ያገኝልኛል። ልምጣ?» አለ።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። እንግዲህ ክር የምወጥር መምህር ነኝ፤ ሒሳቡ በአንድ አፍታ ራሴ ውስጥ ተሠራ። አውሮፕላኑ በአራት ሰዓት ይነሣል፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ጎንደር ነው፣ መኪና ቢከራይ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደባርቅ ይገባል። ይደርስ ነበር። ግን እውነቱን ሳልነግረው ና ልለው አልቻልሁም፤ ና ካልሁት ደግሞ ያው መርዶ ነው። «አይ፣ አትድከም፤ ደህና ትሆናለች» አልሁት። ቀጥዬ የአስረስን ሠፈር የእድር ሽማግሌ አዲስ አበባ በስልክ አስጠርቼ በማግሥቱ ማለዳ እንዲያረዱት አደራ አልሁ። ከቴሌ ስወጣ ወጉን በወጉ የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ማለዳ አረዱት። የዚያን ዕለት በአውሮፕላን ቦታ ስላላገኘ ከአልቃሾቹ መሀል ተነሥቶ ወደ አውቶብስ ተራ ሮጠ፤ ደብረ ማርቆስ ሳያድር ሌሊቱን በጭነት መኪና ጋቢና ተጉዞ፣ ቅዳሜ ማታ የሰልስቱ ሰው ሲበተን ደረሰ። እታለም በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ቀበርናት» አለችው። «ሐሙስ ጧት ነው ስልክ የተደወለልህ። እስከ ዛሬ ምን ስታደርግ ነበር?»

አስረስ አየኝ። አሁንም ያ አስተያየት ዓይኔ ላይ አለ፤ አልተቆጣም፣ እንድናገር ብቻ ጠበቀኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጊዜው ሲረዝም እሱ ራሱ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው እታለም» አለ።

«የአንተ ነው። እናቴ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ነው የሞተችው። ከዛሬ ወዲያ እኅት የለህም።»

ሰባት ዓመት እንዲሁ ሆነ። አስረስ በየበዓሉ ደብዳቤ ይልካል፤ እሷ ፊደል ስላልቆጠረች ይዤላት እሄዳለሁ፤ «አታንብብልኝ» ትላለች፣ ወረቀቱን ግን አትጥለውም። እኔም ነገ እነግራታለሁ፣ ለፋሲካ እነግራታለሁ፣ ክረምቱ ሲወጣ እነግራታለሁ እያልሁ ሰባት ዓመቱን በላሁት። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከዚያ አንድ የነሐሴ ቅዳሜ፣ ትምህርት ተዘግቶ እኔም ኑሮዬን ወደ ደባርቅ አዙሬ ሳለ፣ ቴሌ ትፈለጋለህ የሚል ወረቀት መጣልኝ። የአስረስ ሚስት የሺ ነበረች። ሆዱ ውስጥ የበቀለ ነገር ተገኝቶበታል፤ ሰኞ ጧት በሦስት ሰዓት ይከፈታል፤ ሐኪሞቹ ይተርፋልም አይተርፍምም አላሉም። «ሌላ ነገር አይናገርም» አለችኝ፣ «እታለም ሳታየኝ ነው ብቻ የሚለው።» ስልኩን ዘግቼ በጭቃው ውስጥ ወደ ገበያ ሮጥሁ። ቅዳሜ የደባርቅ ገበያ ነው፤ እታለም ጊደሯን ልትሸጥ ከብት ተራ ቆማለች፣ ጥቁር ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ በኮንጎ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ። ሁሉንም ነገርኋት። ፊቷ አልተለወጠም። ከነጋዴው ጋር ስትከራከርበት የነበረውን ዋጋ ትታ የጊደሯን ገመድ አቀበለችውና ወደ እኔ ዞረች።

«በአውቶብሱ መቼ እንደርሳለን?»

«ማክሰኞ።»

«ሰኞ ጧት ነው ያልኸኝ።»

«በአውሮፕላን ከሆነ ነገ እንደርሳለን።»

«እንግዲያው በአውሮፕላን ነዋ» አለች፣ አውሮፕላን የጎረቤት በቅሎ ይመስል።

ጎንደር ትኬት ቢሮ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪ ነበረኝ፤ ደወልሁለት። «ጋሼ፣ አንዱ ቦታ የተረጋገጠ ነው፣ ሁለተኛው ሰው ከቀረ ነው» አለኝ። ከቀረ የሚለውን ቃል አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ልቤ በስተጀርባ ልሄድበት ነው፣ ልሄድበት ነው ይል ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

እሑድ ጧት በአውቶብሱ ስንነሣ እታለም የሦስት ቀን ስንቅ ይዛለች፤ ጭኮ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሁሉም አገልግል ውስጥ። «ለአንድ ቀን ነው እኮ» ስላት፣ «ሰማይ ላይ ማን ያበላሃል?» አለችኝ። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ቅዳሴ ስለቀረባት መንገድ ዳር ቤተ ክርስቲያን በታየ ቁጥር ከወንበሯ ብድግ እያለች ትሳለማለች፤ ሾፌሩ በመስታወት እያየ፣ «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ጉድጓድ አለ» ይላታል። ዳባትን እስክናልፍ ደህና ነበርን። አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ስንደርስ፣ «ከጎንደር ወዲያ ስንት ቀን ይፈጅበታል?» አለችኝ።

«አውሮፕላኑ? ቀን አይፈጅበትም። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።»

ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ነው። ስምል አመነችኝና ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ያን ጊዜም ነበረ?»

«የቱን ጊዜ?»

«እማማ ያረፈች ጊዜ ነዋ።»

«ነበረ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ኮሶዬ እስክንደርስ አልተናገረችም። ኮሶዬ ላይ ጉም መንገዱን ውጦት አውቶብሱ በእግር እንደሚሄድ ሰው ይዳክራል፤ ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ በእጁ ይመራዋል። ገደሉ በየት በኩል እንዳለ አይታይም። በዚያ ጉም ውስጥ ነው እታለም የተናገረችው፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል።

«እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ በልቤ ሩቅ ነው እለው ነበር። ክፉ ቃል ከአፌ ወጣ እንጂ፣ ሦስት ማደሪያ ነው፣ ልጁ ምን ያድርግ እያልሁ ሌሊት አዝንለት ነበር። ለካ አንድ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ለእናቱ ነፈጋት! የቅዳሴ ሰዓት እንኳ ከዚህ ይረዝማል።» ነጠላዋን አጣፋች። «ልየው ግዴለም። አይቼው ግን ይህንን ሳልጠይቀው አልቀርም።»

ነገ ጧት ቢላዋ ሥር የሚገባ ሰው አልጋ አጠገብ ይህንን ልትጠይቀው ነው፤ እሱ ደግሞ እንደዚያኛው ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላታል፣ አውቀዋለሁ። ያን ሰዓት መናገር ነበረብኝ። ጉሙ ይግለጥ፣ ቁልቁለቱ ይለቅ፣ ጎንደር እንግባ እያልሁ ከራሴ ጋር ተደራደርሁ። ሰው ለፍርሃቱ የሚሰጠው ቀጠሮ ብዛቱ!

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የደረስነው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። ተማሪዬ በሥራ ልብሱ ወጥቶ አቀፈኝ፣ ከዚያ ዓይኑን ሰበር አደረገ። «ጋሼ፣ ማንም አልቀረም። ያለው አንድ ቦታ ነው።»

እታለም ክንዴን ያዘች። «እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሴት ሰማይ ላይ ብቻዬን ወጥቼ ማንን እጠይቃለሁ? አንተው ሂድ።» አጠገባችን የቆመች አንዲት ነጠላ የለበሰች መንገደኛ ይህንን ሰምታ፣ «ከእኔ ጋር ይሆናሉ እናቴ፣ እጅዎን ይዤ ነው የማወርድዎ» አለቻት። እታለም አየቻት፤ አመነቻት። እኔ ነኝ ያልተዘጋጀሁት። የሚቀረኝ ጊዜ ያቺ በር እስክትዘጋ ያለው ብቻ ነበር።

«እታለም» አልሁ፣ «አስሬን ያንን አትጠይቂው። ያን ሐሙስ አልተነገረውም።»

«ምን አልተነገረውም?»

«መሞቷን። ትንሽ አሟታል ነው ያልሁት። በአውሮፕላን ልምጣ ብሎኛል፤ አትድከም ያልሁት እኔ ነኝ። የሰማው በማግሥቱ ነው።»

ሰው ሁሉ ዕቃውን እየጎተተ ያልፈናል። እሷ ግን ፊቴን በዓይኗ ቁራሽ በቁራሽ ፈተሸችው።

«ምን ብለህ ነው?»

«መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ። ወግ ነው ብዬ።»

«ይሁን፣ ያ ሐሙስ ወግ ነው» አለች በዝግታ። «ሰባት ዓመቱስ ወግ ነው?»

አገልግሉን ከትከሻዋ አውርዳ ደረቴ ላይ ገፋችው፣ ጃንጥላዋን ጨበጠች፣ ከሴትየዋ ጋር ገባች። አልዞረችም። በአጥሩ በኩል ስሄድ አረንጓዴ ጥለቷን ደረጃው ላይ አየሁት፤ ጫፍ ላይ ስትደርስ በሩን ተሳለመችና ጎንበስ ብላ ገባች። አውሮፕላኑ ሲነሣ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ኀዘኔን ሁሉ ረስቼ ክንፉን ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ጣና አቅጣጫ ሄዶ ጠፋ፣ እኔም አገልግል አቅፌ ቀረሁ።

ሰኞ በጎሕ ከጎንደር በአውቶብስ ተነሣሁ። ከዚያ በፊት ይህንን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ የዚያን ጊዜውን ያህል የረዘመ ግን አላየሁም። አዲስ ዘመን ላይ ሰዓቴ ሦስት ሆነ፤ አሁን ገባ አልሁ። ባሕር ዳር ላይ ሰዉ ምሳ ሲበላ እኔ ያለቀ ይሆን፣ አልቆስ ምን ሆኖ ይሆን እያልሁ ጥላ ሥር ቆምሁ። ደብረ ማርቆስ ስንገባ ቴሌ ተዘግቶ ነበር፤ ቢከፈትም አልደውልም ነበር። በስልክ ምን ይነግሩኛል? «ትንሽ ደክሞታል» ቢሉኝ እንዴት አውቄ ልለየው ነው? ያኔ ነው አስረስ ያን ሐሙስ በመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሆኖ የቻለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስሁት። ጭኮውን ከጎኔ ለተቀመጡ ሁለት ገበሬዎች አካፈልሁ፤ «የማን እጅ ነው?» አሉኝ። «የእኅቴ» አልሁ፣ አገልግሉንም ከደንሁ። ማክሰኞ ጧት ዓባይ በረሃን ወረድነው፣ ወጣነው። ክሬ በአንድ ጣት የዘለለው ገደል ግማሽ ቀን በላብኝ።

ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ሆስፒታሉ በር ላይ የሺን አገኘኋት። ስታየኝ አለቀሰች። የበሩን ብረት ያዝሁ። «አይ፣ አይ፣ ጋሽ ምስጋናው! ነቅቷል፣ ነቅቷል ነው የምልዎ!» ብላ በሁለት እጇ ደገፈችኝ። ለካ ሰው በደስታም እንዲያ ያለቅሳል።

አስረስ አልጋው ላይ ከስቶ፣ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ ግን ዓይኑ ያው የልጅነት ዓይኑ ነው። እታለም አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛለች። ስገባ ቀና ብላ አላየችኝም። ጠጋ አልሁና ጎንበስ አልሁ።

«ነገርሃት አሉ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ነገርኋት።»

«ሰባት ዓመት የጠበቅሁልህን!» አለና ሊስቅ ሲል ሆዱን አመመው።

«ዝም በል፣ አትናገር ተብለሃል» አለች እታለም።

እኔ ግን መጠየቅ ነበረብኝ። «ለምን ዝም አልህላት አስሬ? አንድ ቃል ይበቃ ነበር።»

«ደባርቅ ያለኸው አንተ ነህ። ብትታመም የምትደርስላት፣ ደብዳቤ የምታነብላት አንተ ነህ። ሁለታችንንም ከምታጣ ሩቁን ትጣ ብዬ ነው።»

መስኮቱ ጋ ሄጄ ፊቴን አዞርሁ። ግቢው ውስጥ ሰው ይወጣል ይገባል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያነስሁበትም፣ እንደዚያ ቀን የተወደድሁበትም ጊዜ የለም።

የጠያቂ ሰዓት ሲያበቃ ከየሺ ጋር ወደ ቤታቸው ሄድን። መንገዱን ሁሉ እታለም ከየሺ ጋር ስለ ሾርባ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ግቢው ድመቶች ታወራለች፤ ለእኔ ቃል የላትም። ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። በረንዳው ላይ ዝቅተኛ በርጩማ ነበረች፤ ደክሞኝ ተቀመጥሁባት። እታለም ወደ ውስጥ ገባችና የሞቀ ውሃ በሳፋ ይዛ ወጣች። እግሬ ሥር አስቀምጣው እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ኧረ እታለም፣ ተዪ፤ አንቺ ታላቄ ነሽ።»

«አውልቅ አልሁህ። እኔ የአንድ ሰዓት መንገድ መጥቼ አቧራ እንኳ አልነካኝ። መንገደኛው አንተ ነህ።»

አወለቅሁ። የሁለት ቀን ካልሲ ነው፣ አፈርሁ። እግሬን በሁለት እጇ ውሃው ውስጥ ከተተችውና ልጅ ሆነን ከማሳ ስንመለስ እንደምታደርገው ተረከዜን በአውራ ጣቷ ታሸው ጀመር። የሺ በሩ ላይ ፎጣ ይዛ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«እሑድ ማታ ገብቼ ሳየው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለች እታለም፣ ውሃውን እያየች። «ለምን፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ አላለኝም። ደረስሽልኝ አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ያን ቅዳሜ ደጄ ሲደርስ እኔስ ይህችን አንዲት ቃል ምን ከለከለኝ? አንተ ትዋሽ፣ አንተ ፍራ፣ ቃሏ ግን የእኔ ነበረች።» ከዚያ ቀና አለች፤ ከአዘዞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችው። እጇ አሁንም እግሬ ላይ ነው።

«እንኳን ደረስህልኝ፣ ምስጌ።»

«ደረስሁ እታለም» አልኋት።